መካሪና ተመካሪ፦ በመካከላቸው ምን ሊኖር ይገባል?

«መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላል ያገራችን ሰው። ንጉሥ እንኳ ያለ መካሪ የማይዘልቅ ከሆነ የሃያ ዓመት ተማሪ እንዴት ይዘልቃል? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን በየመኝታ ክፍሉና በየመመገቢያ አዳራሹ ስንጫወት የምንሰማው አቤቱታ መነሻው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። በቀን ሦስትና አራት መምህራን ፊት ተቀምጠን ስንጽፍ እንውላለን፤ ማታ ግን የጻፍናትን አንዲት ገጽ ተቀብሎ «ይህ ሐሳብ ይቆማል፤ ይህ ግን ያነክሳል» የሚለን ሰው አይገኝም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በመጨረሻው ዓመት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ የታዘዘው ተማሪ በቆየበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ከክፍል ውጭ ያላነጋገራቸውን መምህር ቢሮ ያንኳኳል። ርእሱን በችኰላ ይመርጣል፤ ጽሑፉን በችኰላ ያስረክባል፤ ፊርማውን ተቀብሎ ይሄዳል። ከዚህም የባሰ አድልዎ አለበት። አባቱ ወይም ታላቅ እኅቱ የተማሩለት ልጅ ምክሩን ከእራት ገበታ ላይ ያገኘዋል። የትኛውን ትምህርት መምረጥ፣ የትኛውን መጽሐፍ ማስቀደም፣ ለመምህር እንዴት ደብዳቤ መጻፍ እንደሚገባ ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረው ያውቃል። ከቤተ ሰቡ የመጀመሪያው ሆኖ ከገጠር የመጣው ተማሪ ግን ይህን ሁሉ ሊያገኝ የሚችለው ከመካሪ ብቻ ነው። መካሪ ካጣ ፈተናውን ከጓደኛው እኩል እያለፈ እንኳ ከጓደኛው ኋላ ይቀራል። ስለዚህ የመካሪና የተመካሪ ነገር የጨዋነት ወግ ብቻ አይደለም፤ የእኩልነት ጉዳይ ነው ብለን እናምናለን።

አስቀድመን ቃላቱን እንለያቸው። መምህር ለክፍሉ ሁሉ ያስተምራል። አማካሪ፣ በዩኒቨርሲቲ አነጋገር፣ ተመድቦልን የምዝገባ ወረቀታችንን የሚፈርምልን ሰው ነው። መካሪ የምንለው ግን በዕውቀትና በልምድ የቀደመን፣ የእያንዳንዳችንን ሥራ ለይቶ የሚያውቅ፣ የዛሬውን ከትናንቱ ጋር እያስተያየ የሚያርመን ሰው ነው። አንድ ሰው ሦስቱንም ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም። መምህርነት በቅጥር፣ አማካሪነት በምደባ ይገኛል፤ መካሪነት በሁለት ሰዎች ጥረት ቀስ በቀስ የሚሠራ ነገር ነው። ተመካሪውም ምክር የሚጠራቀምበት ማሰሮ አይደለም፤ ከሥራው ግማሹ የእሱ ድርሻ ነው።

ብዙ ሰው ይህ ግንኙነት የሚጸናው በፍቅር ወይም በአክብሮት ነው ይላል። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም። መምህሩን እጅግ የሚያከብር፣ መምህሩም የሚወዱት፣ ነገር ግን ከእሳቸው አንዳች ሳይማር የሚመረቅ ተማሪ ሞልቷል። እኛ የምንለው ግንኙነቱ ፍሬ የሚያፈራው በሁለቱ መካከል አንድ የሚታይ ሥራ ሲቀመጥ ነው። ሥራው በመካከል ካለ መካሪው የሚያርመው ተማሪውን ሳይሆን ሥራውን ይሆናል። ተማሪውም ነቀፌታውን እንደ ስድብ አይቆጥረውም፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ባንድ ነገር ላይ ያሳርፋሉና። ይህን በሦስት ምሳሌዎች ለማስረዳት እንሞክር። ሦስቱንም የወሰድናቸው ከራሳችን አገር የትምህርት ታሪክ ነው።

የቅኔ ቤት ሥርዓት

በዋሸራ ይሁን በጎንጅ ወይም በዋድላ፣ ቅኔ ቤት የገባ ደቀ መዝሙር የሚማረው በመስማት ብቻ አይደለም። የኔታ ቅኔ ይነግራሉ፤ ምሥጢሩንም ይገልጣሉ። ከዚያ በኋላ ተማሪው ለብቻው ተነጥሎ ዛፍ ሥር ወይም ጥግ ፈልጎ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን ይዞ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። ቀለሙ ቢጎድል፣ አገባቡ ቢሳሳት፣ ሰሙ ከወርቁ ባይስማማ እዚያው ይነገረዋል። የተባለ ቅኔ ተመልሶ እንደ አዲስ አይባልምና በማግሥቱ ሌላ ይዞ መምጣት አለበት። እንግዲህ በመምህሩና በተማሪው መካከል በየቀኑ አንድ አዲስ ሥራ አለ ማለት ነው።

ደረጃውም የታወቀ ነው። ተማሪው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ዛሬ የት እንዳለና ነገ ወዴት እንደሚሄድ እሱም ያውቃል፤ መምህሩም ያውቃሉ። ጉባኤ ቃና የሚቆጥረውን ልጅ መወድስ አልቻልክም ብሎ የሚነቅፈው የለም። በእኛ ዘንድ ግን አንደኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ሥራው በምን ሚዛን እንደሚመዘን ሳያውቅ «ደካማ» የሚል ቃል ተጽፎበት ይመለስለታል።

ተማሪው ሲበዛ መምህሩ ሁሉን ብቻቸውን ማድረስ አይችሉም። ስለዚህ ከደቀ መዛሙርቱ መካከል የበሰለው አስነጋሪ ሆኖ የጀማሪዎቹን ቅኔ ይሰማል፤ ያርማል። አስነጋሪው ራሱ ገና ተማሪ ነው። ለታናሹ መካሪ፣ ለመምህሩ ደግሞ ተመካሪ ነው። የሌላውን ጉድለት ሲያርም የራሱን ያያል። ይህን ሥርዓት አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ይህን ስንል የቆሎ ተማሪ ኑሮ ሁሉ እንዳለ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይግባ ማለታችን አይደለም። ተማሪው ለየኔታ ውሃ ይቀዳል፤ እንጨት ይለቅማል፤ በእርሻቸውም ያግዛል። ይህ አገልግሎት ምክንያት አለው፤ መምህሩ ከተማሪው የትምህርት ክፍያ ስለማይቀበሉ ጕልበቱ በክፍያው ፈንታ የሚገባ ልውውጥ ነው። ደመወዝ ለተቆረጠለት የዩኒቨርሲቲ መምህር ግን ተማሪ የግል ጉዳይ እንዲላላክ ማድረግ ልውውጥ ሊባል አይችልም። ከቅኔ ቤት የምንወስደው የዕለት ሥራውን፣ የታወቀውን ደረጃና አስነጋሪውን ነው፤ ዱላውንና መላላኩን እንተወዋለን።

አባ ጎርጎርዮስና ሉዶልፍ

ሁለተኛው ምሳሌያችን ባሕር ማዶ ያሻግረናል፤ መምህሩ ግን ያገራችን ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ፣ ዕድሜው ሃያ አምስት ገደማ የሆነ የኤርፉርት ተወላጅ ጀርመናዊ ሮም ገባ። ግእዝን ሲማር የቆየው ከመጻሕፍት ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን በአውሮፓ የታተመው የግእዝ መጽሐፍ በጣት የሚቈጠር ነው፤ የመጀመሪያው መዝሙረ ዳዊት እዚያው ሮም እ.ኤ.አ. በ1513 ታትሞ ነበር። በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ማረፊያ ነበራቸው። ሉዶልፍ የቤተ አምሐራውን፣ የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን ያገኘው በዚያ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1652፣ የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን ጠሯቸው፤ እዚያም ጥቂት ወራት ተቀምጠው ከሉዶልፍ ጋር ሠሩ። ከተለያዩም በኋላ በግእዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ በመርከብ ሲጓዙ በእስክንድሮን አጠገብ መርከቡ ተሰብሮ ሰጠሙ።

ሉዶልፍ ግን ሥራውን አላቋረጠም። የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1661፣ የኢትዮጵያ ታሪኩ በ1681፣ የታሪኩ ማብራሪያ በ1691፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1698 ታተሙ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሲወጡ አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ አርባ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከአንድ መነኵሴ የተገኘ ትምህርት የአንድ ሰው ዕድሜ ሙሉ ሥራ ሆነ ማለት ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አንደኛው ምክንያት ሉዶልፍ ወደ መምህሩ የቀረበው አስቀድሞ ብዙ ደክሞ መሆኑ ነው። መጻሕፍት ሊሰጡት የሚችሉትን ከመጻሕፍት ስለ ወሰደ ለአባ ጎርጎርዮስ የተረፈው መጻሕፍት ያልመለሱለት ጥያቄ ነበር። የቃላቱን አነባበብ፣ የአገሩን ልማድ፣ የቦታዎቹን ስም፣ ያን ጊዜ በአውሮፓ ከቶ የማይታወቀውን አማርኛን፣ እነዚህን ሁሉ ሊያገኝ የሚችለው ከሕያው ሰው ብቻ ነበር። ምንም ሳያነቡ ወደ መካሪ መሄድ የመካሪን ጊዜ መጽሐፍ ሊሠራው በሚችለው ሥራ ላይ መጨረስ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ትምህርቱ በአንድ ወገን ብቻ የሚፈስ አለመሆኑ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ቋንቋውን በአፋቸውና በልባቸው ያውቁታል። ሉዶልፍ ደግሞ የላቲንና የምሥራቅ ቋንቋዎችን ሰዋስው የተማረ ስለ ሆነ፣ ቋንቋውን አብሮት ያደገ ሰው ልብ የማይለውን ነገር እየነጠለ ይጠይቃል። መልካም ጥያቄ መካሪውንም ያስተምራል። ጥያቄ የማይመጣለት መካሪ የሚያውቀውን እየደጋገመ ይኖራል፤ በዓመቱ ይደክመዋል፤ በሁለተኛው ዓመት በሩን ይዘጋል።

ሦስተኛው ነገር ስም መጥራት ነው። ሉዶልፍ ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ በመጽሐፉ ገልጿል፤ በ1691 ባወጣው መጽሐፍም የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል አሳትሟል። ይህን እናመሰግናለን። ነገር ግን አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ኀይሉ፣ ማተሚያ ቤቱና የመስፍኑ ድጋፍ ሁሉ የነበሩት በተማሪው ወገን ነው፤ ዝናውም ያረፈው በእሱ ላይ ነው። የመምህሩ ስም ከታሪክ እንዳይጠፋ ያደረገው የተማሪው ታማኝነት ብቻ ነበር። ዕውቀትን ተቀብሎ የሰጪውን ስም የሚሰውር ሰው፣ መካሪም ይሁን ተመካሪ፣ የሰው እጅ ሥራ እንደ ሰረቀ ይቈጠራል።

ሦስት ሰዎች፣ አንድ መጽሐፍ

ሦስተኛው ምሳሌ ወደ ዘመናችን ይቀርባል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የተባሉ ሊቅ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀመሩ። እኚህ ሰው በሮም ኢግናጽዮ ጉዊዲ የተባለውን ጣሊያናዊ ሊቅ የረዱ ናቸው፤ የጉዊዲ የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1901 ታትሟል። የራሳቸው መጽሐፍ ግን በዕድሜያቸው አልተፈጸመም። ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተላለፈ። አለቃ ኪዳነ ወልድ በኢየሩሳሌም ብዙ ዓመት ተቀምጠው ዕብራይስጥና ሌሎችንም ሴማውያን ቋንቋዎች በመማር መጽሐፉን አስፋፍተው ደከሙበት። እሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ ገና አልታተመም ነበር። አደራው ወደ ሦስተኛው ሰው፣ ወደ ደስታ ተክለ ወልድ ዞረ። መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታትሞ ወጣ፤ በአለቃ ኪዳነ ወልድም ስም ይጠራል።

ደስታ ተክለ ወልድ በዚያ አላቆሙም። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ የራሳቸውን ሥራ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላትን አወጡ። ዛሬም አንድ የአማርኛ ቃል ያጠራጠረው የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በመጀመሪያ ከሚያነሣቸው መጻሕፍት አንዱ ይኸው ነው። የሁለቱንም መጻሕፍት ገጾች የገለጠ ሰው ፊደላቸው በአበገደ ተራ እንደ ተደረደረ ያያል። ተማሪው የመምህራቸውን ሥርዓት ይዘው፣ መምህራቸው ወዳልሠሩት ወደ አማርኛው ተሻገሩ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የመካሪና የተመካሪ ግንኙነት መጨረሻ አለው፤ መጨረሻውም ርክክብ ነው። ሁልጊዜ ልጅ ሆኖ የሚኖር ተመካሪ አልተመከረም። ደቀ መዝሙሩን በእጁ ሥር አቆይቶ ራሱን እንዳይችል የሚያደርግ መካሪም ሥራውን አልፈጸመም። ሁለተኛ፣ ተመካሪ የራሱን ቤት ለመሥራት የመምህሩን ቤት ማፍረስ የለበትም። ደስታ ተክለ ወልድ አስቀድመው የመምህራቸውን አደራ አደረሱ፤ ከዚያ የራሳቸውን ሠሩ።

ለእኛ ምን ይረባናል?

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲያችን እንመለስ። ከላይ ከተናገርነው ተነሥተን አንድ ተማሪ ከመካሪው ጋር ሥራ ሊጀምር ሲያስብ ሊያደርግ የሚገባውን እንደሚከተለው እንዘርዝር።

በመጀመሪያ ባዶ እጅ አይኬድም። ከመምህር ቢሮ ገብቶ «መካሪ ይሁኑኝ» ማለት ከባድ ልመና ነው፤ ምን እንደ ተጠየቁ ስለማያውቁ መምህሩም ይሸሻሉ። «ስለዚህ ነገር ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ማስረጃዬ የበቃኝ አልመሰለኝም፤ ጊዜ ካለዎት ቢያዩልኝ» ማለት ግን ቀላል ነው። ይህን አልቀበልም የሚል መምህር ጥቂት ነው። ወረቀቱ ንጹሕ፣ አጭርና ስሕተቱ ያለበት ቦታ የተመለከተ ይሁን። መካሪነት የሚጀምረው በስምምነት ቃል ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ወረቀት ነው።

ቀጥሎ ቀን መቍረጥ ያስፈልጋል። በሴሚስተር አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ሰዓት መገናኘት ይሻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም? ቀጠሮው የታወቀ ሲሆን ተማሪው ለቀጠሮው ሲል ይሠራል፤ መምህሩም በየመተላለፊያው በድንገት አይያዙም። በእጅ ስልክ መልእክት በየሌሊቱ መምህርን ማስጨነቅ መመካከር አይባልም። መልእክቱ ቀጠሮ ለመያዝ ይሁን፤ ትምህርቱ ፊት ለፊት ይሁን።

ከቀጠሮው በኋላ የተባለውን በዚያው ቀን በደብተር መጻፍ ይገባል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲገናኙ ንግግሩን የሚከፍተው ያ ደብተር ነው። ይህን አረምኩ፤ ይህን ለማረም ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይህን ደግሞ በዚህ ምክንያት እንዳለ ተውኩት ማለት ነው። ያረሙት ነገር በሥራ ላይ እንደ ዋለ ያየ መምህር ለሚቀጥለው ይተጋል። ያንኑ ስሕተት ሦስት ጊዜ ያየ መምህር ግን ብዕሩን ያስቀምጣል፤ ሊፈረድበትም አይገባም።

ስለ ይሉኝታም አንድ ቃል እንበል። ብዙ ጊዜ ያልገባንን «እሺ» ብለን እንቀበላለን፤ የማናምንበትንም ዝም ብለን እናልፋለን። ይህ አክብሮት ይመስላል፤ ነገር ግን መምህሩን በጨለማ መተው ነው። ያልገባንን ለማወቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ የተባለውን በራሳችን ቃል ደግመን «እንዲህ ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ። ያልተስማማንበትንም በማስረጃ ማቅረብ ይቻላል። «እንዲህ ብለውኝ ነበር፤ ይህን ምንጭ ሳነብ ግን ተቸገርኩ፤ እንዴት ያዩታል?» ማለት ድፍረት አይደለም። «አንቱ» እያሉ መከራከር ይቻላል፤ ያገራችን ሊቃውንት በጉባኤ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

መጠየቅ የማይገባም ነገር አለ። ማርክ፣ ገንዘብ፣ ከአስተዳደር ጋር ለተጣሉበት ጉዳይ አማላጅነት፣ እነዚህ ከመካሪነት ውጭ ናቸው። የድጋፍ ደብዳቤም ቢሆን ከሥራው በኋላ የሚከተል እንጂ የሚቀድም አይደለም። ስድስት ጽሑፋችንን አንብበው ያረሙ መምህር ስለ እኛ ምን እንደሚጽፉ ያውቃሉ። ፊታችንን ብቻ የሚያውቁት ግን «መልካም ጠባይ ያለው ነው» ከማለት አያልፉም፤ ያ ደብዳቤ ደግሞ ለማንም በር አይከፍትም።

የመካሪው ግዴታ

ግዴታው በተማሪው ላይ ብቻ እንዳይመስል ስለ መካሪውም እንናገር። መካሪ የተሰጠውን ወረቀት ከቀጠሮው በፊት ማንበብ አለበት። ሲያርም ቦታውን ማሳየት አለበት፤ «ጥሩ ነው» ማለት «ደካማ ነው» ከማለት የማይሻል ባዶ ቃል ነው፤ ሁለቱም ለነገ ምን እንደሚሠራ አይነግሩም። የማያውቀው ነገር ሲመጣ «ይህን እገሌ ይበልጥ ያውቀዋል፤ ወደ እሱ ሂድ» ማለት ክብሩን ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም። የተማሪውን ሐሳብ ወስዶ በራሱ ስም ማውጣት ግን ምንም ሰበብ የሌለው በደል ነው።

ከሁሉ የከፋውንም በግልጥ መናገር ይገባናል። መካሪው ኀይል አለው፤ ተመካሪው የለውም። ስለዚህ ግንኙነቱ በብርሃን መካሄድ አለበት፤ ቦታው ቢሮ ወይም ቤተ መጻሕፍት፣ ሰዓቱም የሥራ ሰዓት ይሁን። በተለይ ሴት እኅቶቻችን ምክርን ከሌላ ነገር ጋር የሚያያይዝ ሰው ቢገጥማቸው፣ ያ ሰው መካሪ አይደለምና የዝምታ ዕዳ የለባቸውም። ለታመነ ጓደኛ ነግረው፣ ጓደኛቸውን አስከትለው ወደ ዲኑ ቢሮ ወይም ወደ ማኅበራችን ይምጡ። በመካከል ሥራ መኖር አለበት ያልነው ለዚህም ጭምር ነው። ወረቀቱ ከጠረጴዛው ላይ ከተነሣ በኋላ የሚደረግ «ምክር» ሁሉ ሊመረመር ይገባዋል።

የጊዜ ነገር

«መምህራን ጊዜ የላቸውም፤ ተማሪው እጅግ ብዙ ነው» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። መልሱ እውነት አለበት። አንድ መምህር ለስድሳ ተማሪ በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ሩብ ሰዓት ቢሰጡ ዐሥራ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ይህን ማንም አይችለውም። ነገር ግን የቅኔ ቤቱ መምህርም ይህ ችግር ገጥሟቸው መፍትሔ አግኝተውለታል። አስነጋሪውን እናስታውስ።

ከሦስተኛ ዓመትና ከዚያ በላይ ካሉት ተማሪዎች ስድስቱ እያንዳንዳቸው ዐሥር ዐሥር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ቢይዙ፣ የእያንዳንዱ አስነጋሪ ድካም በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። መምህሩ ደግሞ ስድስቱን አስነጋሪዎች ብቻ ቢያዩ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃቸዋል። አንደኛ ዓመቱ ጽሑፉን የሚያነብለት ሰው ያገኛል። አስነጋሪው የሌላውን አንቀጽ ሲያርም የራሱን መመረቂያ ጽሑፍ መጻፍ ይማራል። መምህሩም የሚደርሳቸው አስቀድሞ የታሸ ጥያቄ ይሆናል። ለዚህ አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የስም ዝርዝር፣ አንድ ጠረጴዛና ቃሉን የሚጠብቅ ተማሪ ይበቃል።

ማኅበራችን በየዲፓርትመንቱ ፈቃደኞችን መዝግቦ ዝርዝሩን በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጥፍ፣ መምህራንንም አስቀድሞ እንዲያነጋግር በዚህ ጽሑፍ እንጠይቃለን። አስነጋሪ ለመሆን ከሁሉ የበለጠ ማርክ ያለው መሆን ግድ አይደለም። ከገጠር መጥቶ በመጀመሪያው ዓመት የተቸገረ፣ ችግሩንም ያለፈ ተማሪ የሚያስተምረው ነገር ብዙ ነው፤ የት እንደሚወደቅ ያውቃልና።

እስከዚያው ግን ዝርዝሩን ቁጭ ብለን አንጠብቅ። እያንዳንዳችን በዚህ ወር አንዲት ገጽ እንጻፍ፤ የምናከብራቸውን አንድ መምህር ወይም አንድ ታላቅ ተማሪ እንምረጥ፤ ገጹን ይዘን በሩን እናንኳኳ። ታርሞ ሲመለስልን ደግሞ ከታች የመጣው ታናሻችን የጻፈውን ተቀብለን እናንብብለት።